ቅዳሜ ቡና የማይፈላበት ቤት

በእኛ ቤት ቅዳሜ ጧት ቡና አይፈላም ነበር። ልጅ ሳለሁ ይህ እንግዳ ነገር መሆኑን አላውቅም። ከየጎረቤቱ የሚቆላ ቡና ሲሸት፣ ወፍጮ ቤት የሚሄደው ሲሄድ፣ ልብሱን የሚያጥበው ሲያጥብ፣ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ በር ላይ ትቀመጥና «ዛሬ ራሴን ያመኛል፤ እሳት አጠገብ መቆም አልችልም» ትላለች። ምሳችን ዓርብ የተሠራ ወጥ ነው፤ ሳይሞቅ ይቀርባል። ከርሱ ጋር ዓርብ ከቀትር በኋላ የተጋገረው ዳቦ ይቈረሳል። አባቴ ሻይ ሲያምረው ተነሥቶ ራሱ ያፈላል። በዚያን ጊዜ ለራሱ ሻይ የሚያፈላ አባወራ በሰፈራችን ሌላ ስላልነበረ፣ እኛ ልጆቹ የአባታችን ደግነት ነው ብለን እናልፈው ነበር።

ውድ አንባብያን፤ በጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ከጀመርሁ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በነዚህ ዓመታት በየቀበሌው፣ በየፋብሪካው፣ በየገበያው እየዞርሁ የብዙ እናቶችን ኑሮ ጠይቄ ጽፌአለሁ። የገዛ እናቴ በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ዘወትር በዚያው ቀን፣ ራሷን ለምን እንደሚያማት ለመጠየቅ ግን ድፍረቱን ያገኘሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

ነገሩ የተገለጠልኝ በስልክ ነበር። በ1993 ዓ.ም፣ የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸና አነሣሁት። ድምፁ የሴት ነው፤ አነጋገራቸው የጎንደር ሰው መሆናቸውን ይናገራል። «እናትሽ አለች?» አሉኝ። «ማን ልበላት?» ብላቸው ትንሽ ዝም አሉና «እናቷ ነኝ በያት» አሉ። እናቴ እጇ ሊጥ እንደ ሆነ መጥታ ስልኩን ተቀበለችኝ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት «እምዬ፣ እምዬ» የሚል ልቅሶ ብቻ ነው። በስልኩ እጀታ ላይ የደረቀውን ሊጥ በማግሥቱ በጥፍሬ እየፋቅሁ ያነሣሁት እኔ ነኝ።

አያቴ ያሉት እስራኤል አገር፣ ነታንያ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። የቤተ እስራኤል ወገን ናቸው። የተወለዱትና የኖሩት ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በወለቃ መንደር ነው። እናቴም የዚያው መንደር ልጅ ነች። ጎንደር ከተማ ስትማር ከአባቴ ጋር ተዋውቃ፣ ያለ ወላጆቿ ፈቃድ ክርስቲያን አግብታ ወደ አዲስ አበባ መጣች። የሟቹ አያቴ ፍርድ የከረረ ነበር፤ ልጄ አይደለችም አሉ። በሌላ በኩል ደግሞ በአዲሱ ሰፈሯ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኗ ቢታወቅ የሚለጠፍባትን ስም እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን «ቡዳ» የሚለው የኖረ ክፉ ልማድ ስንት ቤት እንዳፈረሰ፣ ስንቷን ሴት ልጇን ደብቃ እንድታሳድግ እንዳስገደዳት የኅብረተሰባችን ታሪክ ምስክር ነው። «ፈላሻ» የሚለውም ስም ከዚያው ከንቀት የመጣ ነውና የአያቴ ወገኖች አይወዱትም። እናቴ እንግዲህ ሁለቱንም ዘጋች፤ ከዚያኛው ቤት ወጣች፤ በዚህኛው ቤት ከየት እንደ መጣች አልተናገረችም። የቀራት የቅዳሜዋ ራስ ምታት ብቻ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ አያቴ በየዓርቡ ይደውላሉ። እኔም ከፍ እያልሁ ስሄድ እናቴ ያልነገረችኝን ሁሉ በስልክ ከርሳቸው ቃረምሁ።

«ሰንበት ዓርብ ነው የሚጀምረው» ይሉኛል። ዓርብ በወለቃ የሩጫ ቀን ነበር። ሴቲቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ውኃዋን በእንስራ ትቀዳለች። እንጀራዋን ትጋግራለች፤ ወጧን ትሠራለች፤ ጠላዋ ደርሶ እንደሆነ ታያለች። የቤቱን ሰው ልብስ ወንዝ ወርዳ ታጥባለች። ከሁሉ በኋላ ዳቦው ይጋገራል። ጥቁር አዝሙድ የገባበት የስንዴ ሊጥ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ይደረግና ከታችም ከላይም እሳት ይሆንለታል። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ሁሉም ወንዝ ወርዶ ገላውን ይታጠብና ንጹሕ ልብስ ይለብሳል። ፀሐይ ስትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል። እስከ ቅዳሜ ማታ እሳት አይጫርም፤ ውኃ አይቀዳም፤ ሩቅ መንገድ አይኬድም። ምግቡ እንደ ቀዘቀዘ ይበላል። ጧት ወደ ጸሎት ቤት ዳቦና ጠላ ይወሰዳል፤ ቄሱ ባርከው ይቈርሱታል፤ ለሁሉም ይታደላል። ጸሎቱ በግዕዝ፣ መጽሐፉ ኦሪት ነው። ሰባተኛው ሰንበት ሲመጣ ደግሞ «የሰንበት ሰንበት» ተብሎ ከሌላው ይበልጥ ይከበራል።

መጀመሪያ ይህን ስሰማ የታየኝ ክልከላው ብቻ ነበር። እሳት የለም፣ ቡና የለም፣ ትኩስ ወጥ የለም። አያቴ ሳቁብኝ። «አንቺ ልጅ፣ እሳት ከሌለ እኮ እሳት የምታነደው ሴት ዐረፈች ማለት ነው። ውኃ ካልተቀዳ ጀርባዋ ዐረፈ። ባሌ ቢቈጣ፣ አማቴ ብትቈጣ፣ በሰንበት ማን ሥራ ያዘኛል?» አሉኝ።

ይህን ነገር ደጋግሜ አስቤዋለሁ። እኔ ራሴ የሁለት ልጆች እናትና ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜ ለኔ የዕረፍት ቀን አይደለም። የሳምንቱ ልብስ የሚታጠብበት፣ በርበሬ የሚቀነጠስበት፣ ሽንኩርት ተልጦ የሚከማችበት፣ ለቅሶ የሚደረስበት ቀን ነው። እሑድም የቅዳሜ ትርፍ ይሠራበታል። ይህን የምታነቡ እናቶች በአብዛኛው ከኔ የተለየ ቅዳሜ ያላችሁ አይመስለኝም። አያቴ መብራትና ቧንቧ በሌለበት መንደር፣ ልጅ አዝለው ሸክላ ሲሠሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ነገር ግን በሳምንት አንድ ቀን ማንም የማይነካባቸው ዕረፍት ነበራቸው። ዓርብን በሩጫ መክፈል ግዴታ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ አያቴም አይዘነጉትም። «የዓርብ ወገቤን አታንሺብኝ» ይላሉ።

ሰንበት በገንዘብም ያስከፍላል። የጎንደር ትልቁ ገበያ የቅዳሜ ገበያ ነው። ሸክላ ለሚሸጥ ሰው ደኅና ዋጋ የሚገኝበት ቀን ያ ነበር፤ የወለቃ ሴቶች ግን በዚያ ቀን አይገኙም። ስለዚህ ድስቱንና ጀበናውን በሌላ ቀን ይዘው ወጥተው በተገኘው ዋጋ ይሸጣሉ፤ ወይም ከመንገዱ ዳር ዘርግተው አላፊ አግዳሚውን ይጠብቃሉ። ኋላ ቱሪስት መምጣት ሲጀምር ከሸክላ የአንበሳና የሰው ምስል እየሠሩ መሸጥ ለመዱ። በቀድሞው ሥርዓት ከእጅ ሥራ ሌላ የነበራቸው የሰው መሬት በእኩል ማረስ ነበርና፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲታወጅ ሟቹ አያቴ መሬቱን በእርምጃ እየለኩ አለቀሱ ይባላል። ያም ሆኖ አያቴ ሸክላቸውን አልተዉም።

በዓመት አንድ ጊዜ ግን ሸክላው ለገበያ ሳይሆን ለራሳቸው ይሠራል። ይህም ለፋሲካ ነው። የነርሱ ፋሲካ ከግብፅ መውጣት የሚታሰብበት ሲሆን ሰባት ቀን እርሾ የነካው ምግብ አይበላበትም። እንግዲህ የቤት ነገር የሚያውቅ ሰው ይፍረድ፤ እርሾ የሌለበት ሰባት ቀን ማለት እንጀራ የሌለበት ሰባት ቀን ነው። ጠላም የለም። እርጎም የለም፤ ወተቱ እንደ ታለበ ይጠጣል። የሚበላው ተቦክቶ ሳይቆይ ወዲያው የሚጋገር ቂጣ ነው። ቡሖ የኖረበት ሸክላ እርሾውን እንደ መጠጠ ስለሚቈጠር አሮጌው ዕቃ ይወጣል፤ ይሰበራል፤ በምትኩ አዲስ ድስት፣ አዲስ ምጣድ፣ አዲስ ገንቦ ይገባል። በዋዜማው ጾም ይዋላል፤ በጉ በጸሎት ቤቱ ግቢ ይታረዳል፤ ሲመሽ ጥብሱ ከቂጣ ጋር ይበላል። አያቴ ስለዚህ በዓል ሲያወሩ የሚጀምሩት ከጸሎቱ አይደለም፤ ከመስበሩ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጥላሸት የጠጣውን ድስት ሕፃናቱ በደስታ እየጮኹ ሲከሰክሱት፣ እርሳቸው ጠርዙን እያዩ የትኛውን በየትኛው ወር እንደ ሠሩት ያስታውሱ እንደነበር ይነግሩኛል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ በዚህ ዓምድ ልጻፈው ወይስ ልተወው ብዬ ያመነታሁበት። ሴት ልጅ የወር አበባዋ ሲመጣ ከመንደሩ ዳር ወደተሠራች ጎጆ ትወጣለች። «የመርገም ጎጆ» ትባላለች። በዙሪያዋ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ሰው ከድንጋዩ አያልፍም፤ ምግብም ከድንጋዩ ውጭ ሆኖ ይቀበሏታል። ሰባት ቀን ቆይታ ገላዋንና ልብሷን ታጥባ ትመለሳለች። የወለደች እንደሆነ ለወንድ ልጅ 40 ቀን፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን ተለይታ ትቀመጣለች። በቤተ ክርስቲያን ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ክርስትና የምናስነሣ እናቶች ቁጥሩን የምናውቀው ነው፤ ምንጩ አንድ ኦሪት ነውና። ስሙን ሰምቼ ተቈጣሁ። እንዴት መርገም ይባላል አልሁ። አያቴ ግን ነገሩን እንደኔ በአንድ ፊት አያዩትም። በክረምት ሌሊት ብርዱን፣ ጅቡ ሲጮህ ብቻን መሆንን አይረሱም። በዚያው አፍ ደግሞ «ሁለት ሦስት ሴት ከገጠመን ጨዋታችን ጨዋታ ነበር፤ እንቅልፌን ጠግቤ የተኛሁት እዚያ ነው» ይላሉ። እስራኤል እንደ ገቡ ከነቤተሰባቸው በሆቴል ሲቀመጡ ግን ጎጆ የለም። ያን ጊዜ ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩና ወራቸው ሲመጣ ብርድ ልብሳቸውን ይዘው ወደ ሰገነቱ ወጡ። ሦስት ሌሊት እዚያ አደሩ። የሆቴሉ ሠራተኛ አእምሯቸው የተነካ መስሎት ሰው ጠራባቸው።

እስራኤል የገቡበትን ቀን እኔም እንደ ቤተሰብ ታሪክ ብቻ ሳይሆን እንደ ጋዜጠኛ አውቀዋለሁ። ዓርብ ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም ነው። የኢሕአዴግ ጦር ወደ አዲስ አበባ እየተቃረበ፣ ከተማው በጭንቀት ተይዞ ሳለ፣ ከጎንደር ተሰደው በአዲስ አበባ በኪራይ ቤት የሰነበቱት ቤተ እስራኤላውያን በእስራኤል ኤምባሲ ግቢ እንዲሰበሰቡ ተነገራቸው። በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላን ተወሰደ። «ዘመቻ ሰሎሞን» የሚባለው ይህ ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው አንድ ዓመት አያቴና እናቴ ሐሙስ ሐሙስ ሾላ ገበያ ይገናኙ ነበር። ሟቹ አያቴ እንዳያውቁ ነው። አንዷ ሽንኩርት እንደምትገዛ፣ ሌላዋ በርበሬ እንደምትመርጥ እየሆኑ ቆመው ያወራሉ። አብሮ መብላት ግን አልነበረም። በቀደመው ልማዳቸው ከሌላ ሃይማኖት ሰው ቤት አይበላም፤ አያቴም ከልጃቸው ቤት የወጣ ምግብ እጃቸው ላይ ወድቆ አያውቅም። ይህን ሁሉ እናቴ የነገረችኝ አያቴን ለመጠየቅ ወደ እስራኤል ለመሄድ በተነሣሁ ዋዜማ፣ ኅዳር 11 ቀን 2012 ዓ.ም ማታ ነው። እርሷ አልመጣም አለች። ምክንያቷን አንድ ጊዜ ጉልበቴ፣ ሌላ ጊዜ ቤቱን ለማን ትቼ አለችኝ። በዚያች ሌሊት ግን ተነሥታ ዳቦ ጋገረች። እየጋገረች ሳለ ነገረችኝ።

በዚያ ዓርብ ጎረቤት «ፈላሾቹ ሊሄዱ ነው» ሲባባል ሰምታ፣ የተጋገረው ዳቦ ገና ሳይበርድ በነጠላ ጠቅልላ፣ እኔን አዝላ ወደ ኤምባሲው ሮጠች። በሩ በሰው ተጥለቅልቋል። ዘበኞች ስም የሌለውን ወደኋላ ይመልሳሉ። የርሷ ስም በማንም መዝገብ ውስጥ የለም። «እምዬ» እያለች ብትጣራም፣ በዚያ ግርግር ስንቱ «እምዬ» ይላል። እስኪመሽ ቆመች። አውቶቡሶቹ መስኮታቸው ተዘግቶ አጠገቧ አለፉ። ዳቦውን ይዛ ተመለሰች። «ሰጥቻት ቢሆንስ ትበላልኝ ነበር ወይ? እስካሁን የሚከነክነኝ ይህ ነው» አለችኝ።

ዓርብ ጧት ነታንያ ደረስሁ። አያቴ አጥብቀው አቅፈውኝ ቆዩና መጀመሪያ ያሉኝ «ዓርብ ባትመጪ ይሻል ነበር፤ ሥራ ይበዛብኛል» ነው። አጎቶቼ በሚኖሩበት አካባቢ በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል አላቸው። ከሆቴሉ በኋላ ዓመታት በተንቀሳቃሽ ቤት ኖረው ነው እዚህ የገቡት። ወጥ ቤታቸው የጋዝ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ የእንጀራ ምጣድ የተሟላለት ነው። ጤፉ ከሱቅ ይገዛል፤ ባልተገኘበት ዘመን ከስንዴ ዱቄት እንጀራ እየጋገሩ መኖራቸውን አጫወቱኝ። ዳቦውን ግን የኮባ ቅጠል ስለሌለ በወረቀት ጠቅልለው ምድጃ ውስጥ ይጋግሩታል፤ «ሽታው ግማሹ ነው» ይላሉ።

በዚያ አገር አይሁድ ዘንድ በሰንበት ወጥ ቀዝቅዞ መብላት ግዴታ አይደለም። ከዓርብ ጀምሮ ሳይጠፋ የሚያድር «ፕላታ» የሚባል የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ፤ ምግቡ በላዩ ይቀመጣል። የአያቴ ምራት አንዱን ገዝተው አምጥተውላቸው ነበር። አያቴ ግን ፎጣ ማድረቂያ አድርገውታል፤ «እሳት በገመድ ቢመጣም እሳት ነው» ይላሉ። ሻማውን ግን ተቀብለዋል። በወለቃ የማይታወቀውን የሰንበት ሻማ እዚህ ተምረው ያበራሉ። ሐኑካ የሚባለውን በዓል ደግሞ ጨርሶ ያላወቁት ነው። የልጅ ልጆቻቸው በዚያ በዓል ቦምቦሊኖ የመሰለ በውስጡ ማርማላት ያለበት ኬክ ሲያመጡላቸው «ይህችን እንኳ ቀድመው ቢነግሩን ምን ነበረበት» ብለው እንደ ሳቁ አጎቴ ነገረኝ።

በዚያ ወራት ፀሐይ ከ11 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች። ማታ ሁላችንም በአንድ ገበታ ተሰበሰብን። የእናቴን ዳቦ ከሻንጣዬ አውጥቼ ካስቀመጥሁ ጀምሮ አያቴ አላዩትም። ወይም እንዳላዩ ሆነዋል። በመጨረሻ «ማን ጋገረው?» አሉ። «እናቴ» አልሁ። አጎቴ ቀና አለ። እርሱ ሕጉን ጠበቅ አድርጎ የያዘ ሰው ነውና ከየት እንደ መጣ ያልታወቀ ምግብ እናቱ ገበታ ላይ ሲቀመጥ ደስ እንዳላለው ያስታውቃል፤ አልፈርድበትም። አያቴ ዳቦውን ሳቡት፤ በእጃቸው ቈረሱት፤ በግዕዝ የሚሉትን አሉ፤ በሉ። «ጨው ይበዛበታል» አሉ። ሁለተኛ ቈረሱ።

ከጎኔ የተቀመጠችው የአጎቴ ልጅ በዚያን ጊዜ ወታደር ነበረች። አማርኛዋ እንጀራ፣ ወጥ፣ ዳቦ፣ ቡና፣ ነይ፣ ብዪ የሚሉት ናቸው። አያቴም ዕብራይስጡን ለገበያና ለሐኪም የሚበቃቸውን ያህል እንጂ ለጨዋታ አልያዙትም። ልጅቱ በእንግሊዝኛ ወደኔ ዘወር ብላ «አያቴን ሁልጊዜ ልጠይቃት የምፈልገው ነገር አለ፤ አውሮፕላን ላይ ስትወጣ ምን ይዛ ነበር? ጠይቂልኝ» አለችኝ። በአንድ ከተማ 20 ዓመት አብረው የኖሩ አያትና የልጅ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ በመጣሁ በኔ በእንግዳዋ አፍ ተነጋገሩ።

አያቴ መለሱ። «ምንም አልያዝሁም። ዕቃ አትያዙ ተብለናል። ቁጥር ለጥፈውልን ነው የሄድነው። በዕድሜዬ ዳቦ ያልጋገርሁበት ዓርብ ያ ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ሳለን ፀሐይ ጠለቀች፤ ሰንበት ገባ። በሰንበት ወንዝ ያልተሻገርሁ ሴት በሰንበት ባሕር ተሻገርሁ። ስንወርድ በላስቲክ የታሸገ ነጭ ዳቦ ሰጡን። ማን እንደ ጋገረው አላውቅም፤ እስኪመሽ ሳልበላ ዋልሁ።»

ለልጅቱ ተረጐምሁላት። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ እናቴ በዚያ ዓርብ ዳቦ ይዛ በር ላይ እስኪመሽ መቆሟን ነገርኋቸው። ልናገር ወይስ ልተው ብዬ አላሰብሁም፤ ካሰብሁ አልናገረውም ነበር። አያቴ ዝም አሉ። አጎቴም ዝም አለ። አያቴ ቀስ ብለው ተነሥተው የቀረውን ዳቦ በነጠላቸው ጠቀለሉና ወደ መኝታ ክፍላቸው ይዘውት ገቡ። በማግሥቱ ጧት ለሁላችንም የቀረበው የርሳቸው ዳቦ ነበር። የእናቴን ለብቻቸው በሉት።

በሚቀጥለው ረቡዕ፣ ኅዳር 17 ቀን፣ የስግድ በዓል ነበር። ስግድ ከአስተሥርዮ ጾም በኋላ በ50ኛው ቀን የሚውል፣ ቃል ኪዳን የሚታደስበት የጾምና የጸሎት ቀን ነው። በጎንደር በኩል አምቦበር በሚባለው መንደር ከሁሉም በላይ ደምቆ ይከበር እንደነበር፣ ሰዉ በጾም ተራራ ወጥቶ፣ ራሱን ዝቅ ለማድረግ ድንጋይ ተሸክሞ ይጸልይ እንደነበር አያቴ ይተርካሉ። ጸሎቱም ወደ ኢየሩሳሌም ለመግባት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ፓርላማ ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ ደንግጎታል። እኛም በአውቶቡስ ወደ ኢየሩሳሌም ሄድን። አሮጌው ከተማ ከሩቅ በሚታይበት ከፍታ ላይ ቄሶቹ ባለ ቀለም ጃንጥላቸውን ዘርግተው ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ፤ በአማርኛ ይተረጕማሉ። ሽማግሌዎቹና ባልቴቶቹ ከፊት ቆመው ይሰግዳሉ። ወጣቶቹ ከኋላ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ስግድ መሆኑን ለጓደኞቻቸው በስልክ ያሳያሉ። ይህን ስል ወጣቶቹን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ፎቶግራፍ ተነሥቻለሁ።

«እምዬ፤ ያን ጊዜ ኢየሩሳሌም አግባን ብላችሁ ነበር የምትጸልዩት። አሁን ገብታችኋል። ምን ብለው ይጸልያሉ?» አልኋቸው። በጾም ከንፈራቸው ደርቋል። «ያን ጊዜ ለመምጣት ነበር። አሁን ለቀሩት ነው» አሉኝ። ያን ሲሉ በጎንደርና በአዲስ አበባ ተራቸውን እየጠበቁ የሚኖሩትን ወገኖቻቸውን ማለታቸው እንደሆነ ዐውቃለሁ። ከነርሱ ጋር ሌላም ሰው ማለታቸው እንደሆነ ዐውቃለሁ። ከቀትር በኋላ ጾሙ ተፈታ፤ ዳቦ ተቈረሰ።

በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሊመጡ ቀን ቈርጠን ነበር። መጋቢት ላይ ኮሮና መንገዱን ዘጋው። በ2013 ዓ.ም ጥቅምት በኛ አገር በስተሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ በ2016 ዓ.ም መስከረም ደግሞ በነርሱ አገር። አሁን አያቴ 80 ዓመት አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸው ደረጃ አያወጣም። እናቴም የፓስፖርት ፎቶግራፍ ተነሥታ ፎቶግራፉን ኮመዲኖ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ቀኑን አትነግረኝም፤ እኔም መጠየቁን ትቻለሁ።

ዳቦውን ለሚጠይቁኝ እናቶች የአያቴን ልክ ላስቀምጥ። 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ለብ ያለ ውኃ 3 ብርጭቆ ያህል። ውኃው ሁሉ በአንድ ጊዜ አይጨመርም፤ ሊጡ ከእጅ እስኪላቀቅ እየታየ ነው። ተሸፍኖ እጥፍ እስኪሆን ኩፍ ይላል። ኮባ ያላችሁ በኮባ ጠቅልሉት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከገበያ ይገኛል። በመጠነኛ እሳት ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይበስላል። ጨውን በሚመለከት እናቴ አትስማማም፤ የርሷ 3 ማንኪያ ነው።

አሁን ዓርብ ከሥራ ስወጣ ልጆቼን ይዤ እናቴ ቤት እሄዳለሁ። ስልኩ ምስል ስለሚያሳይ ከዱቄት ቈርቈሮው ጋር አስደግፈን እናቆመዋለን። አያቴ ከወዲያ ሆነው የሊጡን መልክ ያያሉ፤ ሴት ልጄን «እጅሽን አጥቢ» ብለው ይቈጣሉ። ልጄም ለቅድመ አያቷ ትመልስላቸዋለች። ይህን ጽሑፍ ከማስገባቴ በፊት ለእናቴ አነበብሁላት። «የመንደሩን ስም ጻፍሽው?» አለችኝ። ጽፌዋለሁ አልኋት። ቡናዋን አስቀምጣ ብዙ ቆየች። ረቡዕ ነበር። «እንግዲህ ሸክላ ሠሪ መሆኗንም በደንብ ጻፊው» አለችኝ።

ባለፈው ዓርብ ዳቦው ከምጣድ ሳይወርድ አያቴ በመስኮታቸው ውጭውን አዩ። «ፀሐይ ልትገባ ነው፤ ዝጉት» አሉ። በሰንበት ስልክ አይነኩም። ልጄ «ቆይ፣ ሳታዪው?» ብላ ድስት ጨርቅ ይዛ ወደ ምጣዱ ሮጠች። ክዳኑን ስታነሣና አያቴ ስልኩን ሲዘጉት አንድ ሆነ።